የረፋዱ ሕግና የአማት ውሃ ማፍያ

በዘመነ ሐምራዊ፣ አሮጌው ማይክሮስኮፕ በክብር ወደ መጋዘን ወርዶ አዲሱ በሦስተኛው ፎቅ በነገሠ በሰባተኛው ዓመት፣ ሊፍቱም ተበላሽቶ ሕዝቡ ሁሉ በእግሩ በሚወጣበት ወራት፣ የህብረ ሕዋስ ክፍል ጌታ፣ የቀለም ባለሟል፣ የኒውክሊየስ ፈታሽ፣ ከጣታቸው በማይለቀው ማቅለሚያ የተነሣ ስማቸው ተረስቶ ትልቁም ትንሹም ሐምራዊው የሚላቸው፣ ዕድሜያቸው ለጡረታ የተቃረበ ልባቸው ግን ለዝና ገና የጎረመሰ ታላቅ ሰው ያደረጉትን ጀብዱ፣ የክፍሉ ጸሐፊ በዓይኑ እንዳየው አንዳች ሳይጨምር ይጽፋል። ሳይቀንስ ብሎ ግን አይምልም፤ የደሞዙ ወረቀት የሚያልፈው በእሳቸው ፊርማ ነውና።

የእሳቸውም ጥበብ ይህ ነበረ። ከበሽተኛ አካል ጥቂት ሥጋ ይወሰዳል፤ በሰም ይደፈናል፤ ከሽንኩርት ልጣጭ ቀጥኖ ይቆረጣል፤ በመስታወት ላይ ተለጥፎ ሞቅ ባለ አሲድ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያም ሐምራዊውን ቀለም ይጠጣል። ቀለሙ ሌላውን ሁሉ ትቶ በየሕዋሱ እምብርት፣ በኒውክሊየሱ ውስጥ ያለውን ዲኤንኤ ብቻ ይይዛል። ዲኤንኤው በበዛ መጠን ቀለሙ ይጠቁራል፤ ቀለሙ በጠቆረ መጠን ከሥር ከመብራቱ የሚወጣው ብርሃን አልፎ አይሄድም፤ መለኪያውም የጎደለውን ብርሃን ቆጥሮ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ ከፍ ካለ ሐኪሞች ፊታቸው ይለዋወጣል፤ ያ ሥጋ ያለ ልክ ሊባዛ ያሰበ ነው ማለት ነውና። ሲወራ እንዴት ያምራል! ሲሠሩት ግን የአሲዱ ጊዜ ትንሽ ሲያጥርበት ቀለሙ አልይዝ ብሎ ያኮርፋል፤ ትንሽ ሲረዝምበት ዲኤንኤው ራሱ ሟሙቶ ይሄዳል፤ ቁራጩ ሲወፍር ሁለት ኒውክሊየስ ተደራርበው አንድ ግዙፍ ይመስላሉ፤ ሲቀጥን ደግሞ ግማሹ ምላጩ ላይ ይቀራል። ሐምራዊው ይህን ሁሉ ለተማሪ ሲያስተምሩ ጠንቅቀው ይናገሩታል፤ በራሳቸው ክፍል ይደርሳል ብለው ግን አስበውት አያውቁም።

ከኋላቸው የሚሰለፈው ሠራዊትም ይህ ነበር፦ ምላጩን ከሚስቱ አብልጦ የሚስለው ቆራጩ፤ አንድ ጆሮዋ ዘወትር በስልክ የተያዘ አሲድ ጠባቂዋ፤ ቁጥሩን ከመለኪያው ላይ አንብቦ የሚያዛጋ፣ አዛግቶም የሚያነብ አንባቢው፤ እንዲሁም ይህ ጸሐፊ፣ የሁሉንም ጉድ የሚያውቅና አፉን የዘጋ። ነጭ ካፖርታቸውን ለብሰው ኮሪደሩን ሲያልፉ ያየ ሰው ወደ ጦር ሜዳ እንጂ ወደ ሻይ የሚሄዱ አይመስለውም ነበር።

በዚህ ክፍል ከሌላ ስፍራ የማይገኝ አንድ ሥርዓት ነበረ። ሐምራዊው ከሁሉ በላይ ሥርዓት ይወዳሉና በጠዋት የተወሰደ ሥጋ በጠዋት፣ በረፋድ የተወሰደ በረፋድ፣ በቀትር የተወሰደም በቀትር ይነበብ፤ ከሰዓቱም ዝንፍ ያለ ወየውለት ብለው ደንግገው ነበር። ሥጋው ሞቶ በሰም ከተደፈነ ሰንብቷል፣ ሰዓት አይቆጥርም ብሎ የተከራከረ አንድም ሰው አልተገኘም። እንዲህም ሲያነቡ ኖረው አንድ ድንቅ ነገር ተገለጠላቸው፤ የረፋዱ ሥጋ ቁጥር ሁልጊዜ ከጠዋቱም ከቀትሩም በልጦ ይገኝ ጀመር። ጉበትም ቢሆን፣ ቆዳም ቢሆን፣ የማንም ቢሆን፣ በረፋድ ከፍ! ሐምራዊው በደስታ እንቅልፍ አጥተው ሰነበቱና በኮሪደሩ ሰሌዳ ላይ ይህን አዋጅ አስለጠፉ።

«በየፎቁ ያላችሁ ሁሉ ልብ በሉ! የሰው ዲኤንኤ በረፋድ እንደሚያብጥ እኛ አግኝተናል። ከዛሬ ጀምሮ ይህ ነገር የረፋድ ሕግ ተብሎ በእኛ ስም ይጠራ። ያላመነ መጥቶ ይይ፤ ሲመጣ ግን በረፋድ ይምጣ።»

አዋጁም ግቢውን ተሻግሮ ማዶ ካለው ክሊኒክ ደረሰ። በሽታው በደንብ የሚታየው በረፋድ ከሆነማ ብለው የክሊኒኩ ሰዎች «ናሙና የሚወሰደው በረፋድ ብቻ» የሚል ወረቀት በራቸው ላይ ለጠፉ። ከዚያ ወዲህ በሽተኛው ሁሉ ከማለዳ ጀምሮ በግቢው የብረት አግዳሚ ላይ ተኮልኩሎ ረፋድን ይጠብቅ ጀመር። ብዙዎቹም ቁጥራቸው ከፍ ይልና ተመልሳችሁ ኑ ይባላሉ፤ ተመልሰው በረፋድ ይመጣሉ፤ እንደገና ከፍ ይላል።

በምድር ቤቱ ግን ሌላ መንግሥት ነበረ፤ የሚገዙትም የሐምራዊው ባለቤት፣ ቅጽል ስማቸው ወፍጮዋ የሚባሉት ወይዘሮ ነበሩ። እሳቸው ቀለምም ማይክሮስኮፕም አያምኑም፤ ሥጋውን ፈጭተው፣ በጥብጠው፣ ዲኤንኤውን አጥበው አውጥተው በጅምላ ይለካሉ እንጂ። የትኛው ሕዋስ ምን ያህል እንደነበረው ሲጠየቁ አይመልሱም፤ በየማጠቢያው ፈስሶ የሚሄደውንም አይቆጥሩም። እነሆ በዚያው ዓመት ወፍጮዋ የጠዋቱንም የረፋዱንም ሥጋ ፈጭተው ልዩነት አላገኙምና በባላቸው አዋጅ ጎን የራሳቸውን ለጠፉ።

«እኛ የምድር ቤት ሰዎች ፈጨን፣ ለካን፣ ያበጠ አላየንም። ያበጠ ነገር ካለ የሦስተኛ ፎቅ ልብ ነው። ባሌ መሆኑ ሌላ፣ ዲኤንኤ ሌላ!»

ከዚህም ቀን ጀምሮ በቤታቸው ስለ ኒውክሊየስ ማንሳት ክልክል ሆነ። በገበታ ላይ ስለ ልጆች ትምህርትና ስለሚያፈስሰው የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ብቻ ይነጋገሩ ነበር።

አሁን ስለ ማፍያው እንጽፋለን፤ ያለ እሱ ይህ ታሪክ የለምና። የወፍጮዋ እናት፣ የሐምራዊው አማት፣ ሁሉ እማማ የሚላቸው አዛውንት፣ ገና አዲሱ ማይክሮስኮፕ በገባበት ዓመት፣ አማቻቸው በሥራ ቦታ ቀዝቃዛ ሻይ እንደሚጠጣ በሰሙ ጊዜ አንጀታቸው አልችል ብሎ ትልቅ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ገዝተው ላኩ። ማፍያውም ከማይክሮስኮፑ ጠረጴዛ ሥር፣ የማይክሮስኮፑ መብራት በተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ተሰካ፤ ሌላ ሶኬት በአቅራቢያው አልነበረምና። ረፋድ በሆነ ቁጥር ይንጎደጎዳል፤ ሦስተኛው ፎቅ ይጠጣል፤ የምድር ቤት ሰዎችም ሕጉን ቢክዱ ሻዩን አይክዱምና ደረጃውን እያለከለኩ ወጥተው ይጠጡ ነበር።

እማማ ከጆሯቸው ሥር አንዲት እጢ ወጥታባቸው ነበርና እሳቸውም ከአግዳሚው ተሰላፊዎች አንዷ ሆኑ። የታመመ ጉልበታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ ሆዳቸውን ባዶ አድርገው ረፋድን ይጠብቃሉ። ቁጥራቸው ከፍ አለ፤ ተመልሰው መጡ፤ ዳግመኛ ከፍ አለ። ቀዶ ሐኪሙም በመጨረሻው ናሙና ደግሞ ከፍ ካለ አንገቱን እንከፍታለን ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። ወፍጮዋ ከዚያ ወዲህ ሳቅ ጠፋባቸው፤ ቢላዋ ከዚያ ስፍራ ከገባ አፍ ሊጣመም፣ ድምፅ ሊጠፋ፣ በዚያ ዕድሜም ላይነሡ ይችላሉና።

በዚያው ሳምንት የተቋሙ የበላይ አለቃ፣ ባልና ሚስቱ በሰሌዳ መሰዳደባቸው ሰልችቷቸው፣ እንዲህ ብለው አወጁ።

«ጉዳዩ፦ የረፋድ ሕግን ይመለከታል። በመጪው ረቡዕ ሁላችንም በተገኘንበት ከክሊኒኩ የሚመጣ አንድ ናሙና በጠዋትና በረፋድ ይነበባል። በረፋድ ከፍ ካለ ሕጉ በመማሪያ መጽሐፍ ይገባል፣ ሰፊው አዳራሽም በጌታው ስም ይሰየማል። ከፍ ካላለ ማይክሮስኮፑ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። ናሙናውን የምመርጠው እኔ ነኝ፤ መለዋወጥ አይቻልም።»

ሐምራዊው ይህን ሲሰሙ አልፈሩም። እንዲያውም ስማቸው በናስ ሰሌዳ ላይ አስቀድሞ እንዲቀረጽ አዘዙ፤ የፊደሉንም ቅርፅ ራሳቸው መረጡ።

በዋዜማውም ሠራዊታቸውን አሰልፈው ልምምድ አደረጉ። ሆነ ብሎ የሠራው ሰው የለም፤ ግን አሲድ ጠባቂዋ ከእህቷ ጋር በስልክ ስትጣላ ናሙናውን አሲድ ውስጥ ረሳችው፤ ስታወጣው ሥጋው ሟሙቶና ተልጦ ሄዶ ንጹሕ መስታወት ብቻ ቀርቶ ነበር። ደንግጣ አልተናገረችም፤ ባዶውን መስታወት አቀረበች። አንባቢውም በማይክሮስኮፑ አጮልቆ ሳያይ በጠዋት ቁጥሩን ብቻ አነበበ፤ ዜሮ ሆነ። ረፋድ ደረሰ፤ ማፍያው ይንጎደጎድ ጀመር፤ አንባቢው ደግሞ አነበበ፤ ቁጥሩ ከፍ አለ! ያን ጊዜ ሐምራዊው ራሳቸው ጎንበስ ብለው ቢያዩ መስታወቱ ላይ ምንም የለም። አሲድ ጠባቂዋም እያለቀሰች ተናዘዘች።

ሠራዊቱ ግን አላዘነም። ወይ ተአምር! ባዶ መስታወት እንኳ በረፋድ ያብጣል፤ የጌታችን ሕግ ለሥጋ ብቻ ሳይሆን ለመስታወትም ይሠራል እያለ በጭብጨባ ክፍሉን አናጋው። ቆራጩ ለመጽሐፉ ሁለተኛ ምዕራፍ እንዲጨመርለት ጠየቀ። ጸሐፊው ራሱ ማጨብጨቡን አይክድም።

ሐምራዊው ብቻ አላጨበጨቡም። ማፍያው ጠቅ ብሎ ሲጠፋ ቁጥሩ እንደ ገና ዜሮ ሲሆን አዩ። ኋላ ለጸሐፊው እንደ ነገሩት፣ ሁሉን አስወጥተው፣ በሩን ዘግተው፣ ራሳቸው ውሃ ሞልተው አፈሉ፤ ቁጥሩ ወጣ። አጠፉ፤ ወረደ። ማፍያው ኤሌክትሪኩን ሲስብ መብራቱ ዓይን በማይለየው መጠን ይደክማል፤ መለኪያው ደግሞ የጎደለውን ብርሃን ሁሉ ሥጋው ያስቀረው እየመሰለው ይቆጥራል። ሰባት ዓመት ሙሉ ሲለኩ የኖሩት ሻይ ነበር። ወንበር ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ፤ ልባቸውም ተሰበረ፤ ከዚህ ሕግ በቀር በዚህ ዓለም በስማቸው የሚጠራ ነገር አልነበራቸውምና።

እውነቱን ተናገሩ ብሎ መጻፍ ለጸሐፊው ደስ ባለው ነበር። አልተናገሩም። በእራት ጊዜ ወፍጮዋ የእናታቸው ውጤት እንደሚያስጨንቃቸው ሲያነሡ ሐምራዊው ወሬውን ወደሚያፈስሰው ቧንቧ መለሱት። በልባቸው ግን ዘዴ ሠርተው ነበር፦ ነገ ማፍያው እንደ ወትሮው ይፈላል፣ ሕጉ ይጸድቃል፣ ሰሌዳው ይሰቀላል፤ የእማማን መስታወት ግን ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሲበተን፣ በዝምታ አነባለሁ። በአግዳሚው ላይ ስለሚቀመጡት ስለ ሌሎቹ ምን እንዳሰቡ ጸሐፊው አላወቀም።

ረቡዕ ሆነ። የበላይ አለቃው መጡ፤ ቀዶ ሐኪሙ ቁጥሩን በጆሮው ሰምቶ ሊወስን መጣ፤ ወፍጮዋ ከምድር ቤት ሰዎቻቸው ጋር ወጡ፤ ሠራዊቱም ካፖርቱን ተኩሶ ተሰለፈ። በነጭ ጨርቅ የተሸፈነው የናስ ሰሌዳ በር ሥር ተደገፈ። አለቃው ከኪሳቸው መስታወቱን አውጥተው ሰጡ፤ በጫፉ የተጻፈውን ስም አንባቢው ጮክ ብሎ ሲያነብ ወፍጮዋ ግድግዳ ያዙ፤ የእናታቸው ስም ነበርና። ሐምራዊውም ከሐምራዊ ጣታቸው በቀር ሁለንተናቸው አመድ መሰለ።

የጠዋቱ ንባብ ለእንግዶቹ ሲባል ዘግይቶ ተነበበ፤ ቁጥሩም የደህና ሰው ቁጥር ነበር። ቀዶ ሐኪሙ ግን ትከሻውን ነቅንቆ እሱ የሚያምነው የረፋዱን እንደሆነ አስታወቀ፤ ይህንንም የተማረው ከጌታው ሕግ ነበር። ወዲያው ለእንግዶች ሻይ ይቅረብ ተባለ፤ ስኒዎች ተደረደሩ፤ ማፍያው ተሰካ፤ መንጎድጎድም ጀመረ። በመስኮቱ በኩል ግቢው ይታይ ነበር። እማማ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው በአንድ እጃቸው ጉልበታቸውን፣ በሌላው አንገታቸውን ይዘው ነበር። አንባቢው ወደ መለኪያው ጎንበስ አለ።

በዚያች ሰዓት ሐምራዊው ዘመቱ! መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ የካፖርታቸውን ጫፍ ሰብስበው፣ በአለቃውና በስኒዎቹ መካከል ሰንጥቀው አልፈው፣ በዚያ ዕድሜያቸው በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ከጠረጴዛው ሥር ወደ ጨለማው አገር ገቡ። እንግዶቹ ሁሉ የሚያዩት መቀመጫቸውን ብቻ ነበር። በዚያም የሽቦ ብዛት ገጠማቸው፤ አቧራም ተነሥቶ ተዋጋቸው፤ በሦስት ማስነጠስ መለሱት። አንዱን ሶኬት ይዘው በኃይል ነቀሉ።

የነቀሉት የመብራቱን ነበር። ማይክሮስኮፑ ጨለመ፤ ብርሃን ጨርሶ ስለ ጠፋ መለኪያው እስከ ዛሬ ታይቶ የማይታወቅ ቁጥር አወጣ፤ አንባቢውም የዓለም ክብረ ወሰን መሰበሩን አበሰረ። ሠራዊቱ አጨበጨበ። ቀዶ ሐኪሙ እስክሪብቶውን አወጣ፤ ወፍጮዋም እናቴን ብለው ጮኹ። ከጠረጴዛው ሥር ግን ይህ አዋጅ ተሰማ።

«ቆይ! ቆይ አትጻፍ! ማፍያው ነው! ሁሉንም ያደረገው ማፍያው ነው!»

የበላይ አለቃው ይህን ሲሰሙ ማፊያ የሚባለው ወንበዴ የገባ መስሏቸው ጥበቃ ይጠራ ብለው ወደ በሩ ሮጡ፤ የናሱንም ሰሌዳ በእግራቸው መትተው ጣሉት። ሐምራዊው የመብራቱን መልሰው ሰኩ፤ የማፍያውንም ነቀሉ። መንጎድጎዱ ቆመ። ቁጥሩ ወረደ፣ ወረደ፣ ከጠዋቱ ቁጥር ላይ ደርሶ ጸና። ሰኩ፤ ወጣ። ነቀሉ፤ ወረደ። ሁሉም አይቶ እስኪጠግብ ድረስ እንዲህ አደረጉ። ከዚያም ራሳቸው ላይ የሸረሪት ድር ተሸክመው ወጥተው የመጨረሻውን አዋጃቸውን አወጁ።

«ሰማችሁ? በረፋድ የሚያብጥ ሥጋ የለም። ያበጠው የእኛ ሻይ ነው። ሕጉ ተሽሯል። የእማማ አንገት አይነካም። ማይክሮስኮፑን ውሰዱት፤ ሰሌዳውንም የፈለጋችሁበት ጣሉት። እኔ ትላንት አውቄ ነበር፤ ትላንት ዝም አልኩ።»

ወፍጮዋ ለድል የተዘጋጀ ንግግር በኪሳቸው ነበራቸው። አላነበቡትም። ቀርበው ከባላቸው ፀጉር ላይ የሸረሪቱን ድር አነሡ፤ ለምን ዝም እንዳሉ ለቤት አቆዩት፤ ለሕዝቡ ግን እንዲህ አሉ።

«ምድር ቤቶች፣ አትሳቁ። ሻዩን አብረን ስንጠጣ ነበር።»

ከዚህ በኋላ ሐምራዊው ራሳቸው በደረጃው ወርደው፣ ግቢውን አቋርጠው፣ ከክሊኒኩ በር ላይ ወረቀቱን ቀደው ጣሉ። የጣታቸው ቀለም ግድግዳው ላይ ቀረ፤ ዛሬም አለ። እማማንም ደግፈው አስነሥተው ቁርስ አበሏቸው። ማይክሮስኮፑም ወደ ምድር ቤት ወረደ፤ በአግዳሚው ላይ የነበሩት ሰዎች መስታወት ሁሉ ያለ ሻይ እንደ ገና እንዲነበብ ተደረገ። አብዛኞቹ ደህና ሆነው ተገኙ። ከዚያ በፊት በከንቱ የተከፈተ አንገት ስንት እንደሆነ ጸሐፊው ሊጠይቅ ወድዶ ነበር፤ አለቃው ግን የጉዳዩ መዝጊያ ተፈርሟል አሉት። የናሱ ሰሌዳ አንዴ ስለተቀረጸ አይጣልም ተብሎ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ።

ማፍያው ግን እንደ ወንጀለኛ ከቁም ሳጥን ኋላ ተጣለ። ይህንንም እማማ በሰሙ ጊዜ በስልክ፣ በድምፅ ማጉያው፣ ለሦስተኛው ፎቅ ሁሉ አወጁ።

«ልጆቼ፣ አንገቴ ደህና ነው፤ ተመስገን። ማፍያዬን ግን ምን አደረገ ብላችሁ ነው የጣላችሁት? ውሃ አፍላ ተባለ፣ አፈላ። የተሳሳተው እሱ ነው እንዴ? ነውር ነው! አውጡና ሻይ ጠጡበት፤ ሌላ ግድግዳ ላይ ሰኩት እንጂ!»

እንደ ቃላቸው ተደረገ፤ ማፍያው በኮሪደሩ፣ ከናሱ ሰሌዳ ሥር፣ ለብቻው ሶኬት ተሰጠው።

እንግዲህ ከሐምራዊው ጋር የሚተካከል ማን ነው? ቀለምን ያጠጡ፣ ሕዋስን የቆጠሩ፣ ሕግን በገዛ አፋቸው አውጥተው በገዛ እጃቸው የነቀሉ፣ ከጠረጴዛ ሥር ገብተው በሕይወት የወጡ፣ አቧራን በማስነጠስ ድል የነሡ፣ ስማቸውን ሰጥተው አንገት ያተረፉ ታላቅ ሰው ናቸው። የሌላ ሰው አማት ብትሆን ኖሮ ይነቅሉ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር፣ ጸሐፊው ይህን ጠይቋቸዋል። ሐምራዊው አላውቅም አሉት። ስማቸው ለልጅ ልጅ ይነገር፤ የነቀሉት ለአማታቸው ብቻ ቢሆን እንኳ ነቅለዋልና።